እስከ ቅዳሜ እንዳይከፈት

የሱቁ ሻጭ ጠዋት ቁልፏን ይዛ ስትመጣ የምትከፍተው በር አልነበረም። የኋላው በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ እንደ ሰከረ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ፖሊስ ተጠራ።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከተሰበሰበው ግማሹ የለበሰው አንድ ዓይነት ልብስ ነው፤ ደረቱ ላይ የአንዲት ሕፃን ፊት የታተመበት ቢጫ ካናቴራ። ከፊቱ በላይ «ሚጣ ትምጣ» ይላል። መስታወቱ ውስጥ የቆሙት ማሳያ አሻንጉሊቶችም ያንኑ ለብሰው ወደ ውጭ ያያሉ። ማን ማንን ሊያይ እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል።

ሚጣን የማያውቅ አልነበረም። ሰባት ዓመቷ ነው፤ አትሰማም፣ አትናገርም። ከወራት በፊት እናቷ የአውቶቡስ መናኸሪያውን ወለል ስትጠርግ ከአጠገቧ ጠፋች። መጀመሪያ ሰው አለቀሰላት። ከዚያ በስሟ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ ካናቴራው ታተመ፤ መሸጫ ሱቁ ተከፈተ፤ ካናቴራው ኮፍያ ወለደ፣ ኮፍያው ሻርፕ፣ ሻርፑ የስልክ ማቀፊያ። ቢጫ የወቅቱ ቀለም ሆነ። ሙሽሮች ሚዜዎቻቸውን ቢጫ አለበሱ። አንድ ባለጸጋ ውሻውን ሲያንሸራሽር ውሻው ሚጣን ለብሶ ታየ። ሰዎች ሲገናኙ «ተገኘች?» መባባሉን ትተው «የት ገዛሽው?» መባባል ከጀመሩ ሰነባብተዋል።

«ሳጅን» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ ኋላዋ ሳትዞር፣ «ኮፍያህን አውልቅ።»

ሳጅኑ ቢጫ ኮፍያውን በሁለት እጁ ያዘ። «ባለቤቴ ናት የገዛችልኝ፣ ኢንስፔክተር። ከደንብ ልብሱ ጋር ይሄዳል ብላ።»

«የተዘረፈ ሱቅ ዕቃ ለብሶ ለምርመራ የሚመጣ ፖሊስ ገና ዛሬ አየሁ።»

«ደረሰኝ አለኝ እኮ!» አለ ሳጅኑ፤ ቢሆንም ኮፍያውን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ወሸቀው።

በጣቢያው ኢንስፔክተሯን «ቀስ በሉ» ይሏታል። ሰው ሲጮህም፣ ሲያለቅስም፣ ሲዋሽም የምትለው ያንኑ ነው። አሁንም ሻጯን ወንበር ላይ አስቀምጣ «ቀስ በይ። ምን ጠፋ?» አለቻት።

«አንድ ካርቶን ብቻ» አለች ሻጯ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ትናንት አመሻሽ ላይ ነው የመጣው። ከውጭ አገር ታትሞ። በቀይ ፕላስተር ተጠቅልሎ ‹እስከ ቅዳሜ እንዳይከፈት› የሚል ተጽፎበታል። ሁልጊዜ እንዲህ ያለውን መጋዘን ሆኖ የሚረከበው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ እሱ ግን ከከተማ ወጥቶ ነበር። መኪናው እኛ ጋ አራገፈው።»

«አልከፈትሽውም?»

«ማሚ ትገድለኛለች!»

ኢንስፔክተሯ ሱቁን ዞረች። የገንዘብ መሳቢያው አልተነካም። መደርደሪያው ላይ የካናቴራ ቁልል አለ፤ ሌባው ያን ሁሉ አልፎ፣ ጓዳ ገብቶ፣ አንድ የታሸገ ካርቶን ተሸክሞ ወጥቷል።

ማሚ የሚሏት የድርጅቱ መሥራች ናት። ሽቶዋ ቀድሟት ገባ። ረዥም ቢጫ ካፖርት ለብሳለች፤ ጉትቻዋ ላይ ሳይቀር የሚጣ ፊት ተቀርጿል። የጋዜጠኞችን ካሜራ ስታይ ፈገግ የማለት ልማድ የነበራት ሴት ዛሬ ካሜራ የያዘውን ልጅ በእጇ ገፋችው።

«ካርቶኑ ዛሬውኑ ይገኝልኝ፣ የኔ እናት» አለቻት ኢንስፔክተሯን። «ሳይከፈት።»

«ምን ነበር በውስጡ?»

«ተራ ካናቴራ።»

«ተራ ካናቴራ እዚህ ተቆልሏል። ሌባው ለምን አልወሰደውም?»

«ሌባዋን ጠይቂያት።» ማሚ ከኋላው ደረጃ ላይ የወደቀ ያረጀ ሰማያዊ ሻሽ በጫማዋ ጫፍ አሳየች። «የእናትየው ነው። ትናንት እዚህ መጥታ አገር ስታምስ ውላ ዘበኛው አስወጣት። ለልጇ ስንደክም ይኼው ነው ምስጋናው።»

ሻጯ አንገቷን አቀረቀረች። ማሚ ስልኳን ይዛ ራቅ ስትል ኢንስፔክተሯ ዝቅ ብላ «እናትየዋ ምን ነበር የምትለው?» አለቻት።

«ጥርሷን ምን አደረጋችሁት፣ ጥርሷን መልሱ፣ ነበር የምትለው። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።»

ኢንስፔክተሯ ጣቢያ ከመድረሷ በፊት የማሚ ስልክ ደርሶ ነበር። እናትየው ታስራለች።

«ሻሿ ተገኝቷል፤ ጠብ ነበራት፤ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ አለቃው ጠረጴዛውን እየመታ። «ቅዳሜ ትልቁ ዝግጅት አለ፤ ሹማምንቱ ሁሉ ይገኛሉ። ካርቶኑን የት እንደደበቀች ትናገርና ይለቅ።»

«ሴትዮዋ መጥረጊያ ከማንሳት ወገቧ የጎበጠ ነው፣ አለቃ። ያንን በር እንዴት ገነጠለችው?»

«እልህ ያለበት ሰው ተራራ ይገነጥላል። በይ ሂጂ።»

እናትየው መርማሪ ክፍል ውስጥ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሊነሳ እንደተዘጋጀ መንገደኛ። ኢንስፔክተሯ ውኃ ሰጠቻት። አልጠጣችም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «ይሰሩኝ፣ ግድ የለም። ግን እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ይሰሩኝ። ልጄ የምታውቀው ያጣችኝን ቦታ ብቻ ነው። ዛሬ ከአውቶቡስ ብትወርድስ? መጠየቅ አትችልም። እኔን ካላየች ተመልሳ ሌላ አውቶቡስ ትሳፈራለች።»

ከጠፋችበት ቀን ጀምሮ እናትየው መናኸሪያውን ለቃ አታውቅም፤ የምታድረው ከዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ነው። ትናንት ወደ ሱቁ የሄደችው አንድ ሰው የአውቶቡሶቹን መግቢያ እንዲጠብቅላት አቁማ፣ ሮጣ ነው። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ሌሊቱን እዚያው እንደነበረች ምሏል። አለቃው ግን «ጓደኛዋ ነው» ብሎ አጣጥሎታል።

«ስትፈልጊያት እንዴት ነበር የምትጠሪያት?» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ለምን እንደጠየቀች እሷም አላወቀችም።

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «የአዳራሹ ወለል ጣውላ ነው። በመጥረጊያው እንጨት ሁለቴ እመታለሁ። በእግሯ ትሰማኛለች። ከየትም ትሁን፣ ከች ነው።»

«ጥርሷስ? ስለ ጥርሷ ምን ነበር ያልሻቸው?»

«ያለኝ ፎቶ አንድ ነው፤ በጠፋች ሰሞን የተነሳችው። ለፖሊስም ለነሱም የሰጠሁት ያንኑ ነው። የላይኛው የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፤ ስትስቅ እሱ ነው ቀድሞ የሚታየው። እነሱ በኮምፒውተር ሞሉት። ሴትዮዋን ብጠይቃት ‹ወላቃ ልጅ ማን ደረቱ ላይ ያደርጋል?› አለችኝ። ታዲያ ሰው በምን ይወቃት?»

ዘበኛው ሽማግሌ ነው። ኢንስፔክተሯ ስታነጋግረው ቆቡን ያዞራል፣ ያዞራል፣ እንደገና ያዞራል።

«ጋሼ፣ በሩ ሲሰበር የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ልጄ። ንቅንቅ አላልኩም።»

«ትናንት ኳስ ነበር አሉ» አለ ሳጅኑ እንደዋዛ።

«ኧረ ተወኝ! ሁለት ለባዶ እየመራን፣ ያ ደነዝ በረኛ…» ዘበኛው አፉን በቆቡ ከደነ።

ሳጅኑ ሳቁን ዋጠ። «ካርቶኑ የተሰረቀው በስንተኛው ጎል ላይ ነው?»

ሽማግሌው ሲመሻሽ ሹልክ ብሎ ማዶ ካለው መጠጥ ቤት ገብቶ ነበር። «ግን አልዋሽሽም ልጄ፤ ስመለስ አንድ የእጅ ጋሪ ወደ ገበያው ሲታጠፍ ሰምቻለሁ። ጎማው እንደተራበ ጥጃ ይጮሃል። የሚገፋውን አላየሁትም። ለማሚ እንዳትነግሪብኝ፤ ጡረታ ልወጣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ሥራ አስኪያጁ የማሚ ታናሽ ወንድም ነው። ከሰዓት በኋላ ጣቢያ መጣ፤ ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ሳይጠየቅ ስልኩን አወጣ።

«እኔ ከተማ አልነበርኩም። ይኸው፣ ይዩት። ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ያለች ከተማ፣ የሕፃናት ማሳደጊያ። ፍራሽ ስናድል።» ፎቶዎቹን በጣቱ አሳለፈ፤ የተደረደሩ አዳዲስ ፍራሾች፣ ቢጫ የለበሱ ልጆች፣ እጇን ደረቷ ላይ ያደረገች ሞግዚት። አንዱ ላይ ጣቱ ተቻኩሎ አለፈ። «ሞግዚቷን ደውለው ይጠይቋት።»

ሳጅኑ ደወለ። ሞግዚቷ አረጋገጠች፤ ሰውዬው እዚያው አድሯል። እንዲህ ያለ የተሟላ ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ተጠርጣሪ አይገኝም። ኢንስፔክተሯ አመሰገነችው።

«ደጋግመህ ትሄዳለህ?» አለችው ሲነሳ።

«ከቅርብ ጊዜ ወዲህ፣ አዎ» አለ፤ ፊቱም ትንሽ ቀላ።

ሰውዬው ከወጣ በኋላ ኢንስፔክተሯ የሳጅኑን ኮፍያ ተቀበለችና ገለበጠችው። ውስጠኛው ምልክት ላይ «ሚጣን ካዩ ይደውሉ» ከሚለው ስር የስልክ ቁጥር አለ። ደወለች። ለስላሳ ድምፅ አነጋገራት፤ ለችርቻሮ ግዢ አንድን፣ ለጅምላ ሁለትን፣ ለቅዳሜው ዝግጅት ትኬት ሦስትን፣ ቀለምና ልክ ለመቀየር አራትን። ልጅቷን ያየ ሰው ዘጠኝን ይጫን። ዘጠኝን ተጫነች።

«ሄሎ?» አለ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ።

ምንም ሳትል ዘጋችው። ይህን ያህል ጊዜ ሚጣን ያየ ሰው ሁሉ ሲደውል የኖረው ለፖሊስ መስሎት ለዚህ ሰው ነው ማለት ነው። ነገሩ ደስ አላላትም፤ ወንጀል ይሁን ንዝህላልነት ግን ገና አልታያትም።

አርብ ጠዋት ከልብስ ተራው መግቢያ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ጣሉ። ብዙ ጋሪ አለፈ። ሳጅኑ ተስፋ ቆርጦ ስለ ቁርስ ማውራት ሲጀምር የተራበው ጥጃ ከአንድ ጥግ ጮኸ። ጋሪው አንድ ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ቆመ።

የሱቁን ባለቤት ገበያው ሁሉ «ቅጂ» ይለዋል። ሰውነቱ ደልደል ያለ፣ ምላሱ የማያርፍ፣ በአንገቱ ሜትር የጠመጠመ ሰው ነው። ወቅቱ ያነሳውን ልብስ ሁሉ በማግስቱ አስመስሎ ሰፍቶ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል።

«እንኳን ደህና መጡ! ለባለሥልጣን ልዩ ቅናሽ አለን» አለ፣ ከዚያ የሳጅኑን ደንብ ልብስ አይቶ ቅናሹን ረሳው።

ኢንስፔክተሯ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ ፀሐይ ያጠቃው ካናቴራ ተመለከተች። የሚጣ ፊት ነው፤ ግን የተለየች ሚጣ። ፈገግታዋ መሃል ጥቁር ቀዳዳ አለ።

«ይኼስ?»

«እሱ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ከፖሊስ ማስታወቂያ ላይ ነው የገለበጥኩት። አንድም ሰው አልገዛኝም። ‹ጥርሰ ወላቃዋን አንፈልግም፣ ቆንጆዋን አምጣ› ይሉኛል። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እውነተኛ ዕቃ ብሰቅል በሱ ከሰርኩ!»

«በሩንስ? ብዙ ለፋህበት?»

ቅጂ ሜትሩን ከአንገቱ ፈታ፣ መልሶ ጠመጠመ። «የምን በር?»

«ጋሪህ ሲጮህ የሰማው ሰው አለ። ቅዳሜ የሚወጣውን አዲስ ልብስ ከማንም ቀድሞ ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በዚህ ከተማ አንድ ነው። አንዲት እናት ባንተ ምክንያት ታስራለች።»

«እናት? የቷ እናት?»

«የሚጣ እናት።»

ቅጂ ፊቱ ተለወጠ። በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። «የሚጣን እናት? አብዳችኋል እንዴ? ልጇ በተገኘች ማግስት?»

ሳጅኑና ኢንስፔክተሯ ተያዩ።

«ምን አልክ?»

ሰውዬው ተነሥቶ የጨርቅ ክምሩን ገለጠ። ቀይ ፕላስተሩ የተቀደደ ካርቶን ወጣ። አንድ ካናቴራ ዘረጋ። ነጭ ነው እንጂ ቢጫ አይደለም። ደረቱ ላይ ፀጉሯ አጠር ተደርጎ የተቆረጠ ሕፃን ጥርሷን አውጥታ ትስቃለች። ከላይ በወርቃማ ፊደል «ሚጣ መጣች!» ይላል።

«እኔ ሌባ ነኝ፣ አልክድም፤ መኪናው ሲያራግፈው አይቼ ነው የሰረቅሁት» አለ ቅጂ፣ «ግን ሰው ነኝ። ከፍቼ ሳነብ እዚህ ተቀምጬ አለቀስኩ። ተገኝታለች፣ ቅዳሜ ሊያበስሩን ነው ብዬ። ዛሬ ነገ ይነገራል እያልኩ እጠብቃለሁ። ቀድሜ ብሸጠው እኔ እንደሰረቅሁት ይታወቃላ!»

ኢንስፔክተሯ ካናቴራውን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ ብዙ አየችው። ሳጅኑ ሊናገር ሲል እጇን አነሳች። ካናቴራውን አጥፋ በብብቷ ያዘች።

«እናትየዋ ይህን አሁን አታየውም» አለች። «ተሳስቼ እንደሆነ ይገድላታል።»

ጣቢያው ውስጥ፣ ቢሮዋ ግድግዳ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ስር የፖሊስ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ድርጅቱ ከመጣ ወዲህ ማንም ገልጦ አላየውም። ገለጠችው። ሁለቱን ፊቶች ጎን ለጎን ያዘች። ከዚያ ማስታወቂያውን ፕላስተሩ ሳይበጠስ ቀስ አድርጋ ነቀለችና መኪና አስነሳች።

የቅዳሜው አዳራሽ ልምምድ ላይ ነበር። ቀጫጭን ሴቶች ቢጫ እየለበሱ ረዥሙን መድረክ ወጡ፣ ወረዱ፤ አንዱ «አዘንሽ እኮ፣ ፊትሽ ይዘን!» እያለ ይጮህባቸዋል። መድረኩ መጨረሻ ላይ በአበባ የተሸፈነ ትንሽ በር ተሠርቷል። ከበሩ አጠገብ አንድ የሕፃን ነጭ ቀሚስ ተሰቅሏል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ልክ።

ማሚ ኢንስፔክተሯን ስታይ እጇን ዘረጋች። «ተገኘ?»

«ተገኘ። ተከፍቷል።» ኢንስፔክተሯ ነጩን ካናቴራ መድረኩ ላይ ዘረጋችው።

ሥራ አስኪያጁ መብራት ሲያስተካክል ከነበረበት መሰላል ወረደ። ማሚ ግን አፍታም አልወሰደባትም፤ ፈገግ አለች።

«ይኼ የተስፋ ልብስ ነው፣ የኔ እናት። ስትገኝ የምንለብሰው። ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ ቀድመን አሳተምነው። ወንጀል ነው እንዴ?»

«ፎቶውስ?»

«የድሮ ነው። ከመጥፋቷ በፊት የተነሳችው። እናትየው ናት የሰጠችን።»

«እናትየዋ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ ትላለች።»

«ትዋሻለች። ሌባ ናት እኮ።»

ኢንስፔክተሯ የፖሊሱን ማስታወቂያ ከካናቴራው ጎን አስቀመጠች። «እዚህ ላይ፣ ከንፈሯ መሃል፣ ምን ይታይሻል?»

ማሚ ጎንበስ አለች። «ምንድነው… ቀለም ፈሶበት ነው?»

«ጥርስ ነው። የሌለ ጥርስ። ልጅቷ ስትጠፋ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። እናንተ ሞላችሁላት። ከዚያ የሞላችሁትን ስታዩ ስለከረማችሁ ወላቃ መሆኗን ራሳችሁም ረሳችሁት።» ጣቷን ወደ ነጩ ካናቴራ አዛወረች። «ይኼን ደግሞ ማንም አልሞላውም። ከጎኑ ካሉት የወተት ጥርሶች ይሰፋል። ጫፉ ገና እንደ መጋዝ ነው። ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የወረደው። ይህ ጥርስ የበቀለው ሚጣ ከጠፋች በኋላ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ያነሣው ሰው ልጅቷ ያለችበትን ያውቃል።»

መድረኩ ላይ ያሉት ሴቶች መራመዳቸውን ተዉ።

«ያንተን ነገር ደግሞ» አለች ወደ ወንድምየው ዞራ፣ «በሩ ሲሰበር ከተማ እንዳልነበርክ አምኜሃለሁ። አሁንም አምንሃለሁ። የነበርክበትን ነግረኸኛል፣ በፎቶ አሳይተኸኛል፣ ምስክርም ጠርተሃል። አንዱን ፎቶ ብቻ ነው በጥድፊያ ያሳለፍከው። እሱን መልሰህ አሳየኝ።»

ሰውዬው መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እህቱን ቀና ብሎ አያት። «ነግሬሻለሁ። ያኔውኑ እንመልሳት ብዬሻለሁ።»

«ዝም በል!»

«ሞግዚቷ ደወለችልኝ» አለ ለኢንስፔክተሯ። «ከአውቶቡስ ብቻዋን ወርዳ የተገኘች ልጅ እኛ ጋ አለች፤ ፊቷ ሚጣን ይመስላል፣ ጥርሷ ግን ልክ አይደለም፣ አሁን ገና ነው የሚበቅለው አለች። ስለ ጥርሱ ተጠራጥራ ብዙ ጊዜ ሳትደውል ቆይታ ነበር። ሄጄ አየኋት። እሷው ነች። ለማሚ ነገርኳት። አዲሱ ልብስ ከውጭ ታትሞ እስኪደርስ እንጠብቅ አለችኝ። ሞግዚቷን ለልጅቷ ደኅንነት ሲባል ምስጢር ይሁን አልናት።»

ማሚ ካፖርቷን ሰበሰበች። ድምፅዋ አሁንም አልተንቀጠቀጠም። «ምን ጎደለባት? ንጹሕ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ጠግባ በልታለች። ቅዳሜ በዚያ በር ትወጣና እናቷ በሕዝብ ፊት ታቅፋት ነበር። አገር ሁሉ ያለቅስ ነበር! እንዲህ ያለ ነገር መፍጠር ትችያለሽ አንቺ?»

«እናትየዋ ታስራ የለ እንዴ?»

«መድረክ ላይ ይቅር እላት ነበር» አለች ማሚ።

ከሴቶቹ አንዷ ሻርፑን ከአንገቷ ፈታችና ወለሉ ላይ ጣለችው። ሌላዋ ተከተለች። ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ ማንም «ማሚን ተዋት» ያለ አልነበረም።

የኢንስፔክተሯ ስልክ ጮኸ። አለቃው ነው፤ ወሬው ቀድሟታል።

«ቆይ፣ ቆይ እስቲ» አለ። «ትልቅ ሴት ናት። ሹማምንቱ ምን ይላሉ? ቀስ በይ!»

«አልችልም፣ አለቃ» አለች ኢንስፔክተሯ እየሮጠች። «ቸኩያለሁ።»

እናትየዋን ራሷ ከጣቢያው አወጣቻት። መኪናው ውስጥ ነጩን ካናቴራ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ሴትዮዋ ጽሑፉን አላነበበችም፤ ጣቷን ቀጥታ ወደ ጥርሱ ወሰደች። ነካካችው። «በቅሏል» አለች። ከዚያ መንገዱን ሙሉ፣ ሳጅኑ ሳይሬን እያስጮኸ በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ ጎማ ሲያፏጭ፣ ያንኑ ቃል ለራሷ ደጋገመችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። ማሳደጊያው ረዥም በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ነው። ሞግዚቷ ልብስ ስታሰጣ ነበር፤ እናትየዋን ስታይ የያዘችውን ጣለች። ማንነቷን መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ልጆቹ ከውስጥ ናቸው» አለች እያለቀሰች። «እኔ ሕጉ ነው ብለውኝ… እኔ እናቷ የምታውቅ መስሎኝ… ልጥራት?»

«በምን ትጠሪያታለሽ?» አለች እናትየው።

ወለሉን አየች። ጣውላ ነው። ጥግ ላይ መጥረጊያ ቆሟል። ሄዳ አነሳችው፤ እንጨቱን ወደ ታች አደረገች፤ ሁለቴ መታች።

ከውስጥ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። እናትየው እንደገና ሁለቴ መታች።

ባዶ እግር ጣውላውን ሲደበድብ ሰሙ፤ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ከቅርብ። በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ፀጉሯ የተቆረጠ፣ አንድ እጇ በሳሙና አረፋ የተለወሰ ልጅ ብቅ አለች። ወለሉን አየች፣ መጥረጊያውን አየች፣ ከዚያ መጥረጊያውን የያዘችውን። መጥረጊያው ወደቀ። ቀጥሎ የሆነውን ኢንስፔክተሯ ከሳጅኑ ጀርባ ዞር ብላ ነው ያሳለፈችው፤ ዓይኗ ውስጥ አቧራ ገብቶባት ነበር። የሳጅኑንም ዓይን አቧራው አልማረውም። ሞግዚቷ እልል አለች። ልጆቹ ግልብጥ ብለው ወጥተው፣ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ እየዘለሉ ጮኹ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ሳጅኑ ፊቱን ለመጥረግ መሐረብ ሲፈልግ ከኪሱ የወጣው ቢጫው ኮፍያ ሆነ። ሚጣ ከእናቷ ጭን ሆና አየችው። እጇን ዘረጋች። ኮፍያውን ተቀብላ የራሷን ፊት ረዥም ጊዜ መረመረች፤ ግንባሯን ቋጠረች፤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የኢንስፔክተሯን እስክሪብቶ ከደረት ኪሷ ላይ መዘዘችና፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ኮፍያው ላይ ያለችውን ልጅ አንድ ጥርስ በጥንቃቄ አጠቆረች።

ኮፍያውን ከፊቷ ጎን ይዛ ለሁሉም አሳየች። ጣቷን ኮፍያው ላይ ወዳለው ጥቁር ቀዳዳ ጠቆመች፣ ከዚያ ወደ ራሷ አፍ፣ አዲሱ ጥርሷ ወዳለበት፤ አፏን እስከ ጆሮዋ ከፍታም ሳቀች።